ቀለም የተቀባው ተራራ

ከሄይቲ ዋና ከተማ ከፖርት ኦ ፕሪንስ መሃል ተነስተው ሽቅብ ወደ ተራራው ሲወጡ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ግቢውም እየሰፋ ይሄዳል። እዚያ ላይ ባለጸጎች የሚኖሩባትና ትላልቅ ሆቴሎች ያሉባት ፔቲዮንቪል አለች። ከሆቴሎቹ መስኮት ፊት ለፊት ደግሞ በገደሉ ላይ ተደራርበው የተሠሩ የብሎኬት ቤቶች ይታያሉ። የድሆች ሰፈር ነው፤ ስሙ ጃሉዚ ይባላል። ቃሉ በፈረንሳይኛ «ቅናት» ማለት ነው።

ጃሉዚ ለዓመታት የሲሚንቶ መልክ ብቻ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን ሮዝ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ለበሰ። መንግሥት 1.4 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ቤቶቹን ሲያስቀባ፣ ሐሳቡ የተወሰደው ከታዋቂው ሠዓሊ ከፕሬፌት ዱፎ ሥራዎች ነበር።

ዱፎ እ.ኤ.አ. በ1923 በደቡባዊቷ የወደብ ከተማ በዣክሜል አቅራቢያ ተወለደ። አባቱ ጀልባ ሠሪ ነበር፤ ልጁም ሥዕል ከመያዙ በፊት በዚሁ ሥራ ላይ ነበር። በ1944 በፖርት ኦ ፕሪንስ የተከፈተው የሥነ ጥበብ ማዕከል የሥዕል ትምህርት ያላገኙ ሰዎችን ሲቀበል፣ ዱፎም ከእነሱ አንዱ ሆነ። በከተማዋ የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግድግዳ ላይም የጎዳና ላይ ሰልፍ ሣለ። የ2010ሩ የመሬት መንቀጥቀጥ ካቴድራሉን ሲያፈርሰው ከ14ቱ የግድግዳ ሥዕሎች የተረፉት 3 ብቻ ናቸው። አንዱ የእሱ ነው።

ዱፎ ይበልጥ የሚታወቀው ግን በምናቡ በፈጠራቸው ከተሞች ነው። ከባሕር ወጥተው ሰማይ የሚነኩ ተራሮች፣ ቤት በቤት ላይ፣ በመካከላቸው የሚጠማዘዙ መንገዶችና ድልድዮች፣ በእነሱም ላይ ጉንዳን የሚያህሉ ሰዎች ይታያሉ።

ወደ ጃሉዚ እንመለስ። ቤቶቹ ሲቀቡ ሰፈሩ የቧንቧ ውኃም ሆነ የፍሳሽ መስመር አልነበረውም። ነዋሪው ውኃውን በባልዲ ተሸክሞ ጠባቡንና ቀጥ ያለውን ደረጃ ይወጣል። መጀመሪያ የተቀባውም ከሆቴሎቹ የሚታየው ወገን ነበር። ቤቱ ስላማረለት የተደሰተ ነዋሪ አልጠፋም፤ ማን ያምርበታል ብሎ ይጠላል? ሌሎች ግን ከቀለሙ በፊት ውኃው ሊመጣልን ይገባ ነበር አሉ። እኛ አገር ቢሆን «ውስጡን ለቄስ» ይባል ነበር።

አንድ ቤተሰብ ለእንግዳ ሲል ሳሎኑን አሳምሮ ጓዳውን ባዶ ቢተወው፣ ልጆቹ ማታ የሚጠይቁት ስለ መጋረጃው አይደለም።

የዱፎን ተራሮች ልብ ብሎ ለሚያይ፣ ዓይንን ከባሕሩ ዳር ይዘው እስከ ጫፉ የሚወስዱት መንገዶቹ ናቸው። ታች ያለው ሰው በእነሱ ላይ መድረስ ይችላል። ጃሉዚን የቀቡት ሰዎች ከሠዓሊው ቀለሙን ወሰዱ፤ መንገዱን ግን ሥዕሉ ላይ ተዉት።