ቀለበት የነካው በር

በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ መምህር ከአባቱ የወረሳት ሰማያዊ ቮልስዋገን አለችው። አባቱ በ1963 ዓ.ም. የገዟት ናት፤ ቀለሟም የፊተኛው ነው እንጂ ዳግመኛ አልተቀባችም። የልጁ ሠርግ በቀረበ ጊዜ ሙሽራይቱ በአያትዋ መኪና ትሂድ ተብሎ ተቈረጠ፤ እርሱም ለጋራዥ ገንዘብ ከመስጠት በእጄ አጠራታለሁ ብሎ ቅዳሜ ማለዳ እጅጌውን ሰበሰበ።

አጀማመሩ መልካም ነበረ። የበጋ አቧራ የደቀቀ ድንጋይ ነውና፥ በደረቅ ጨርቅ የሚጠርገው ሰው ቀለሙን በአሸዋ እንደ ፋቀ ይቈጠራል፤ ይህን መኪና አጣቢዎች ሁሉ ቢያስተውሉት እንዴት መልካም ነበረ! ስለዚህ አስቀድሞ ብዙ ውሃ አፈሰሰ፤ የሳሙናውን ባልዲና የማለቅለቂያውን ባልዲ ለየ፤ ብረቱ በፀሐይ ከጋለ ፖሊሹ ቶሎ ይደርቃልና መኪናይቱን ወደ ጥላ አገባት።

ከዚያም ማሸት ጀመረ። ብዙ ሰው ፖሊሽ በቀለም ላይ ብርሃን የሚጨምር ቅባት ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን በውስጡ እጅግ የላመ ፋቂ ዱቄት አለ። ጭረት በቀለሙ ላይ የተቈፈረ ቦይ ነው፤ ፖሊሹም ቦዩን አይሞላም፥ በዙሪያው ያለውን ሜዳ ዝቅ አድርጎ ከቦዩ ጋር ያስተካክለዋል እንጂ። የመኪና ቀለም ደግሞ ቅቡ ሁሉ ተደምሮ እጅግ ስስ ነው። በዛሬ መኪናዎች የሚታሸው ቀለም የሌለው የላይኛው ቅብ ነው፤ በዚያች አሮጌ መኪና ግን ይህ መከላከያ ስለሌለ ጨርቁ ሰማያዊ ሆነ። መምህሩም ቈሻሻው ወጣ ብሎ ደስ አለው።

ጣሪያውና ኮፈኑ እንደ መስተዋት ፊት አሳዩ። በሾፌሩ በር፥ ከእጀታው በታች፥ አባቱ በከፈቱት ቍጥር ቀለበታቸው የጫረው መዳፍ የሚያህል ስፍራ ነበረ። ይህን ሊያጠፋ አንድ ሰዓት ሙሉ አሸ። ጭረቶቹ ጠፉ፤ ከእነርሱም ጋር ሰማያዊው ጠፋና ግራጫው የታችኛው ቅብ ብቅ አለ።

እናቱ ቡና መፍላቱን ሊነግሩት ወጡ። በበሩ አጠገብ ጥቂት ቆመው ጣታቸውን በግራጫው ላይ አሳረፉና፤ «ልጄ፥ ያባትህ ቀለበት የነበረበት ወዴት ሄደ?» አሉት። እርሱም የሚመልሰው ቃል አጣ።

የቀረውን በፖሊሽ አልነካውም፤ ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘውን ንጹሕ ሰም ብቻ በስሱ ቀባው፤ እንዲህ ያለው ሰም ከቀለም ምንም አይነሣምና። በማግሥቱ አንድ የሚያውቀው ቀለም ቀቢ መጥቶ፥ ቀለሙን አመሳስዬ በግማሽ ቀን እደፍነዋለሁ አለው። እናቱን ቢጠይቃቸው፤ «ተወው» አሉ። በሠርጉም ቀን ፎቶግራፍ አንሺው ያ ስፍራ በአበባ ይሸፈን ብሎ ነበር፤ አያቲቱ ግን እንቢ አሉ።