የቀለብ ሥር

ሮም፣ ጥቅምት 28

ከቤታችን በታች ያለው ሱቅ በሩ ላይ «አሊሜንታሪ» ተብሎ ተጽፏል፤ ዳቦ፣ አይብ፣ ወይራ የሚሸጥበት ነው። ዛሬ ማታ ቃሉን ከመዝገበ ቃላት አወጣሁት። መነሻው የላቲኑ «አሌሬ» ነው፤ መመገብም ማሳደግም ማለት ነው። ሊቃውንቱ ከላቲንም ወደ ኋላ ሄደው «*አል» የሚል ሥር ላይ ደርሰዋል። ኮከቧ ቃሉ ተጽፎ እንዳልተገኘ፣ ልጆቹ የሆኑትን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጦ በማነጻጸር የተደረሰበት መሆኑን ታመለክታለች። የዚያ የጥንት ቋንቋ ባለቤቶች ፊደል ስላልነበራቸው ሥሩ ከልጆቹ በቀር ሌላ ምስክር የለውም።

ጥቅምት 30

ዛሬ የቃሉን ዘር ስቆጥር አመሸሁ። «አሉምኑስ» በሌላ ሰው እጅ የሚያድግ ልጅ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ምሩቃኖቻቸውን የሚጠሩበት ስም ሆኗል። «አዶሌስኬንስ» ገና በማደግ ላይ ያለ፣ «አዱልቱስ» አድጎ የጨረሰ። «አልቱስ» ከፍ ያለ ማለት ነው፤ ጥንት ግን ትርጉሙ ያደገ ነበር። የእንግሊዝኛው «ኦልድ»ና የጀርመንኛው «አልት»ም ከዚሁ ወገን ናቸው። በሰው እጅ የሚያድገው ልጅም ሽበት ያወጣው አዛውንትም ስማቸውን ያገኙት ከአንድ ማዕድ ነው። ሳይጎርስ ያደገ፣ ሳይመግቡት ያረጀ ሰው የለም።

ኅዳር 2

ስለ ጥንታዊቷ የጣሊያን ከተማ ስለ ቬሌያ የነሐስ ሰሌዳ አነበብኩ። በ1747 እ.ኤ.አ. ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ሲሆን አሁን በፓርማ ቤተ መዘክር ይገኛል። ሰሌዳው የሚናገረው በሮማው ንጉሠ ነገሥት በትራያኑስ ዘመን ስለነበረው፣ «አሊሜንታ» ስለሚባለው የሕፃናት ቀለብ ነው። ባለርስቶች መሬታቸውን አስይዘው ከመንግሥት ይበደራሉ፤ በዓመት የሚከፍሉት 5 በመቶ ወለድ ለልጆች ቀለብ ይውላል። በሰሌዳው ላይ በሕጋዊ ጋብቻ ለተወለደ ወንድ ልጅ በወር 16 ሴስተርስ የተባለ የሮም ገንዘብ፣ ለሴት ልጅ 12 ተቆርጧል። ከእነዚህ ቀለብ ተቀባዮች ወንዶቹ 245፣ ሴቶቹ 34 ብቻ ናቸው። ነሐሱ ደግነቱንም አድልዎውንም እኩል ጠብቆ አቆይቶልናል።

ኅዳር 5

ከባሏ የተለያየች አንዲት እኅታችን ወረቀቷን ይዛ መጣች። እዚህ ሰዉ ለልጅ የሚቆረጠውን ገንዘብ «አሊሜንቲ» ይለዋል። «ይኼ ምንድን ነው፣ ወንድሜ?» ብላ ጣቷን አሳረፈችበት። «ቀለብ ነው» አልኳት፤ ወዲያው ገባት። አማርኛ ከ«*አል» ቤተሰብ አይደለም፤ ሆኖም እኛም የልጅን መብት የምንጠራው በሚበላው ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችንም ቀለብን በምግብ ሳይወስን መኖሪያን፣ ልብስንና ጤናን ይጨምርበታል።

ቀለብ ችሮታ አይደለም፤ ዕዳ ነው። እያንዳንዳችን ለዚህ የደረስነው አንድ ሰው በየዕለቱ ስላበላን ነው። የልጅ ቀለብ ተቆርጦባችሁ የምታዘገዩ አባቶች፣ እባካችሁ በቀኑ ክፈሉ፤ ልጅ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ማደጉን አያቆምም።