አቦል ካለ ቶናስ?

6,000 ሞላ! ዜናውን ያየሁት ታክሲ ውስጥ ነው። ሳላስበው «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ቦርሳቸውን ጠበቅ አድርገው ወደ መስኮቱ ፈቀቅ አሉ። አልፈርድባቸውም። በዚህ ዘመን ስልኩን እያየ እሰይ የሚል ሰው ወይ ዕጣ ወጥቶለታል ወይ አንድ ነገር ነክቶታል።

እኔ ዕጣ ነው የወጣልኝ። ናሳ እንዳለው ከኛዋ ፀሐይ ውጭ ሌሎች ከዋክብትን ሲዞሩ የተገኙና የተረጋገጡ ፕላኔቶች 6,000 ደረሱ። ስድስት ሺኛዋ የቷ ናት እንዳትሉኝ፤ ከየአገሩ የሚመጣው ግኝት በየጊዜው እየተመዘገበ ስለሚጨመር «ይቺ ናት» ተብላ የምትለይ የለችም። (ያሳዝናል። እኛ ብንሆን በሬ አርደን እንቀበላት ነበር።)

የኔ ዕድሜ ሰዎች ታስታውሳላችሁ፤ እኛ ስንማር ፕላኔት ዘጠኝ ነው። በቃልህ ትወጣለህ፣ ካልወጣህ ትገረፋለህ፣ አለቀ። በኋላ በ2006 (በነሱ አቆጣጠር) ፈረንጆቹ ተሰብስበው ፕሉቶን ቀነሷት፤ ለፕሉቶ ብለን የቀመስነውን አለንጋ ግን የመለሰልን የለም። ሌላ ፀሐይ የሚዞር ሌላ ዓለም የሚባል ነገርማ መጽሐፋችን ላይ አልነበረም። በነሱው አቆጣጠር በ1995 ነው ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ የሚባሉ ሁለት ስዊዞች ደቡብ ፈረንሳይ ካለ የጠፈር መመልከቻ ሆነው 51 ፔጋሲ የተባለችውን ኮከብ ሲከታተሉ አንድ ነገር ያዩት፦ ኮከቧ በየአራት ቀኑ ወደኛ ቀረብ፣ ደግሞ ራቅ ትላለች። ጥጃ በገመድ ይዞ የሚያዞር ሰው ከሩቅ ብታዩ፣ ጥጃው ባይታያችሁ እንኳ ሰውዬው ሲንገዳገድ አንድ የሚጎትተው ነገር እንዳለ ይገባችኋል። የነማዮር ጥጃ የጁፒተርን ግማሽ ያህል የሚመዝን፣ ኮከቡን በአራት ቀን አንዴ ዞሮ የሚጨርስ ግዙፍ ነገር ነበር። ያን የሚያህል አካል ኮከብ ላይ ያን ያህል ተጠግቶ ይኖራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ2019 ኖቤል ተሸለሙበት። (የዚያ ዓመት ሌላውን ኖቤል እዚህ አናነሳም፤ ይሄ ሰላማዊ ጽሑፍ ነው።)

እና ሻይ ሰዓት ላይ፣ ደስታዬን የማካፍለው ሰው ሳጣ፣ ቢሯችን በር ላይ ጀበና ቡና የምታፈላልን ልጅ ጋ ሄጄ ዱካ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ልንገርሽ? አቦል የምትባል ፕላኔት አለች። የምትዞራት ኮከብ ደግሞ ስሟ ቡና ነው።»

«ጋሼ ደግሞ ሲቀልዱ!»

አልቀለድኩም። እዚህ ገጽ ላይ የቆያችሁ ታውቃላችሁ፣ በኛ አቆጣጠር በ2012 ታኅሣሥ ላይ ስጮህበት የነበረው ጉዳይ ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብ ከነፕላኔቷ ሰጥቶ ስም አውጡ አለ። የኛ ድርሻ መዝገብ ላይ ኤችዲ 16175 የምትባለው ሆነች። ኮከቧን ቡና፣ ፕላኔቷን አቦል አልናት። ስሞቹ በታወጁ በሦስተኛው ቀን ደግሞ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና መጠቀች። ሁለቱም በአንድ ሳምንት! ያን ሳምንት እኔን ማናገር አይቻልም ነበር።

ልጅቷ ፍም እየቆሰቆሰች ትንሽ አሰበችና፣ «ቶናዋስ?» አለች።

«እ?»

«አቦል ካለች ቶና አለች፣ በረካ አለች። የት ሄዱ?»

እስካሁን እዚያ የተገኘችው አቦል ብቻ ናት አልኳት። «እንግዲያ ይፈልጉ! በአቦል ብቻ ተነስቶ ይኬዳል እንዴ?» ብላኝ ስኒዎቿን ማጠብ ቀጠለች። እውነቷን ነው። ትራፒስት-1 የምትባል አንዲት ትንሽ ቀዝቃዛ ኮከብ ላይ በፈረንጆቹ 2016 ሦስት ፕላኔት ተገኘ ተባለ፤ በ2017 ሰባት ሆኑ፣ ሁሉም ከሞላ ጎደል ምድርን የሚያክሉ። ስለዚህ የሥነ ፈለክ ሰዎች ካላችሁ እዚህ መካከል፣ የበር ላይ ቡና አፍይ ቶና ትምጣ ብላለች። በረካውን እንኳ እንታገሳለን።

ቀጥላ የጠየቀችኝ «ቪዛ ይጠይቃል?» ነው። አይጠይቅም። ግን አቦል መሬት የላትም፤ ጁፒተርን አራት አምስት ጊዜ የምትመዝን የጋዝ ክምር ናት። መሬት ስለሌላት ሊዝ የለም፣ ደላላ የለም። አንዱ ዓመቷ ከኛ ሁለት ዓመት ተኩል ይበልጣል፤ በዓመት በዓመት ኪራይ የሚጨምር አከራይ ላለበት ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አስቡበት።

ችግሩ መንገዱ ነው። ቡና ከኛ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች። አሁን እኛ ጋ የሚደርሰው ብርሃኗ ከዚያ ሲነሳ እዚህ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ካሣ ኃይሉ የሚባለው ልጅ ገና ቴዎድሮስ አልሆነም። የሰው ልጅ ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ ርቃ የሄደችው ቮዬጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ትከንፋለች፤ ከአዲስ አበባ አዳማ ስድስት ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። (የፍጥነት መንገዱን ሳትከፍል።) በዚህ ፍጥነት አንዷን የብርሃን ዓመት ለመጨረስ 17 ሺህ ከምናምን ዓመት ያስፈልጋታል። ወደ ቡና ብናዞራት የምትደርሰው ሦስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ዓመት ቆይታ ነው።

ድንቅነሽ ስንት ዓመቷ ነው? 3.2 ሚሊዮን።

ይሄን ሳሰላ ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሳሁ። ድንቅነሽ ሐዳር ላይ ቆማ ቮዬጀርን አምጥቃት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬም አልደረሰችም! ገና የሚቀራት መንገድ ብቻ የኛ ዓይነቱ ሰው ምድር ላይ የኖረበትን ዘመን ያህል ይሆናል። ሌላው ዓለም ይሄን ርቀት የሚያውቀው በዜሮ ብዛት ነው። እኛ መለኪያው ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ተኝቶልናል።

ግን ቮዬጀርን ካነሳሁ አይቀር።

ይቅርታ፣ ስለ ፕላኔት ነበር የማወራው፤ ይሄን ቂም ግን ሳልናገር አላልፍም። ቮዬጀር ላይ በወርቅ የተለበጠ የመዳብ ሸክላ ተጭኗል፤ ከየትም ዘር የሆነ ፍጡር ቢያገኛት እንዲያደምጠው። እዚያ ላይ በ55 ቋንቋ ሰላምታ አለ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አይቼዋለሁ። አማርኛ የለም። ግዕዝ የለም። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ የለም። ሱመርኛ ግን አለ! አካድኛ አለ! የኬጢያውያን ቋንቋ አለ! ተናጋሪያቸው ካለቀ ሺህ ዓመታት ያለፋቸው ናቸው፤ ማነው ሰላም የሚለው? ዓረብኛው፣ ዕብራይስጡ፣ አራማይኩ፣ የአማርኛ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ተሰልፏል። ከአፍሪካም ሉጋንዳ፣ ሶቶ፣ ኒያንጃ፣ የዛምቢያው ኢላ ሳይቀር አሉ፣ ደስ ይበላቸው። ሲብስ ደግሞ የዓሣ ነባሪ ድምፅ አለ። ዓሣ ነባሪ!

ሙዚቃውንም እዩት። ባክ አለ፣ ቤትሆቨን አለ፣ ቸክ ቤሪ አለ፣ የሴኔጋል ከበሮ አለ፣ የጆርጂያ መዘምራን አሉ። በገና የለም፣ ማሲንቆ የለም። ሙላቱ አስታጥቄ እኮ ቮዬጀር ስትነሳ ኒውዮርክ ሸክላ ካሳተመ አሥር ዓመት አልፎታል። ሥራውን የመራው ካርል ሳጋን ነው፤ ሰላምታውን የቀዱት ደግሞ በተጣበበ ጊዜ፣ በአብዛኛው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ካገኙት ሰው ነው። እሺ፣ ይሁን፣ ይገባኛል። ዛሬ ቢሆን ዋሽንግተን ላይ አንድ ታክሲ ማስቆም ይበቃቸው ነበር። ምናልባትም ጠይቀው ይሆናል፤ የኛ ሰው ደግሞ «እንደምን ናችሁ፣ ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ክረምቱ እንዴት ያዛችሁ» ሲል ሸክላው ሊያልቅ ደርሶ ቆርጠውት ይሆናል።

ቮዬጀር 1 የተነሳችው በኛ አቆጣጠር ነሐሴ 30 ቀን 1969 ነው። እናቴን አንድ ጊዜ ጠይቄያታለሁ፤ በዚያ ክረምት ስለዚህ ነገር በሬዲዮ ሰምታ እንደሆነ። ዝም ብላ አየችኝ። «ስድሳ ዘጠኝ ክረምት?» አለች። «ማን ቀና ብሎ ሰማይ ያያል ብለህ ነው። ሲመሽ በር እንዘጋለን፤ መኪና ሲቆም ከሰማን ደግሞ ኩራዙን እፍ እንላለን። የማን ቤት እንደሆነ እስኪለይ።» በምሥራቅ ጦርነት፣ በከተማ ቀይ ሽብር። የሰፈሯን ልጆች ስም አንድ በአንድ ጠራችልኝ። ከዚያ ወዲህ በሸክላው ስናደድ ትንሽ አፍራለሁ። ትንሽ ብቻ፤ ዓሣ ነባሪውን አሁንም አልረሳሁትም።

ደግሞ የተካስነው ነገርም አለ። በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ቀን 2016 የናሳ መንኮራኩር ሉሲ፣ ስሟን ከኛዋ የወሰደችው፣ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ ስፋት ባለው ድንቅነሽ በሚባል አስትሮይድ አጠገብ አለፈች። ፎቶው ሲመጣ ድንቅነሽ ብቻዋን አልነበረችም፤ የምትዞራት ትንሽዬ ጨረቃ አለች። ሰላም አሏት፣ በዲኪካዋ ሕፃን ስም። ስለዚህ አሁን ማርስና ጁፒተር መካከል ድንቅነሽና ሰላም አብረው ይዞራሉ፤ ቮዬጀር ላይ ብንቀርም ቤት ሠርተናል። ፈረንጆቹ ሲጠሯቸው «ዲንኪኔሽ» እያሉ ምላሳቸው ሲተሳሰር መስማት ደግሞ የተለየ ደስታ አለው።

የት ነበርን? ጉዞው።

ከቢሯችን አንዱ ወሬያችንን ሰምቶ «መጀመሪያ የኛን ሰፈር ውሃ ያምጡልን፣ ከዚያ ኮከብ ትቆጥራለህ» አለኝ። ወንድሜ፣ የኔም ሰፈር ውሃ የለም። ጄሪካን ይዤ ሌሊት የምሰለፈው እኔም ነኝ። ሌሊት ተሰልፌ ወዴት እንዳይ ትፈልጋለህ? የፊተኛውን ሰው ማጅራት?

ስለ መጓዝ የሚያልሙት ሰዎች እብድ አይደሉም። በፈረንጆቹ 2016 ብሬክስሩ ስታርሾት ተብሎ የታወጀውን ሐሳብ አስታውሱ፤ ስቲቨን ሆኪንግም አብሮ ቆሞ ነበር። ሰው የለበትም፣ ነዳጅ የለበትም፤ ግራም የምትመዝን ቁራጭ ነገር ላይ ስስ ሸራ ወጥሮ ከምድር በሌዘር መግፋት። የብርሃንን ፍጥነት አንድ አምስተኛ ከደረሰች ቅርቧ ጎረቤታችን ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ጋ በሃያ ምናምን ዓመት ትገባለች፤ እሷም በ2016 የተገኘች ፕላኔት አለቻት። ሌዘሩ ራሱ ከሐሳብ አላለፈም። ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ተልኮ መልስ የሚመጣበት ነገር ነው። ወደ አቦል ቢሆን አንድ ሺህ ዓመት ገደማ፤ ንጉሥ ላሊበላ ቋጥኝ ሲያስፈለፍል የላካት እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ናት።

ሰው ራሱ ይሂድ ካልን ደግሞ ተፈጥሮ አንድ ጉድ አስቀምጣለች። ለብርሃን ፍጥነት እጅግ ከቀረብህ ያንተ ሰዓት ይዘገያል። መንኮራኩሯ ውስጥ ያለው ሰው ጥቂት ዓመት ኖሮ ቡና ጋ ሊደርስ ይችላል፤ እዚህ የቀረነው ግን ከ200 ዓመት ገደማ አንድም ቀን አይቀነስልንም። ሄደህ ልጅህን አትደርስባትም፣ የልጅ ልጅህንም። ይሄን ከሰዓት ለቡና አፍይዋ በጉጉት ሳብራራላት እጄን እያወዛወዝኩ ነበር።

«እህቴ ኩዌት ናት፣ ጋሼ» አለች። «ልጇ እኔን ነው እማዬ የሚለው። በስልክ ስታየው እሱ ይሸሻል። ኩዌት ደግሞ ቅርብ ነው ይላሉ።»

ሂሳቤን ከፍዬ ገባሁ። ምን ልበላት?

ከዚያ ወዲህ ሥራ አልሠራሁም። የኮከብ ካርታ ከፍቼ ቡናን ስፈልግ ዋልኩ። ያለችው አንድሮሜዳ የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው። አንድሮሜዳ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፌዎስና የካሲዮፔያ ልጅ ናት፤ ለባሕር አውሬ ልትሰጥ በሰንሰለት የታሰረችው። (የግሪኮቹ «ኢትዮጵያ» የዛሬዋ አይደለችም የምትሉ የታሪክ ምሁራን፣ ዛሬ ዕረፍት ውሰዱ።) አልማክ የምትባለው ደማቅ ኮከብ የልዕልቲቱ እግር ናት፣ አልጎል ደግሞ ሊያድናት የመጣው የፐርሲየስ እጅ ላይ ያለው የሜዱሳ ራስ። ቡና በሁለቱ መካከል፣ መሃል ለመሃል ናት። ማለትም ስም ስናወጣ አስበንበትም ሳናስብበትም የልዕልቲቱ እግር ሥር ቡና አፍልተንላታል፤ አቦሉ ተቀድቷል።

በባዶ ዓይን አትታይም፣ ለጥቂት ነው የምታመልጠው። ይሄን ስጽፍ ደመና ነው፣ መስቀልም አልደረሰ። ታኅሣሥ ላይ ግን ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ዙራችሁ ከግማሽ ሰማይ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ብታዩ አልማክና አልጎልን ታገኛላችሁ፤ ከዚያ መሃላቸውን በባይኖኩላር መፈለግ ነው። ያለው ሰው ያውሰኝ። እመልሳለሁ፣ እውነቴን ነው፣ ያለፈውን ጃንጥላ አታንሱብኝ።