ካለመጠየቃችን

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እኛ ደግሞ ካለመጠየቃችን የተነሣ ከአምስታችን አንዷ ከኮርስ ቀርታብን ነበር። ይህን የምንጽፈው ሌላው እጩ መምህር እንዳይደግመው ነው።

አምና አንደኛው ኮርሳችን በኦንላይን ይሰጥ ነበር። ከገርጂ፣ ከጎሮ፣ ከሰሚትና ከአያት ሆነን በየእጅ ስልካችን እንከታተላለን፤ ዳታ ሲያልቅብን አንዱ ቤት ተሰብስበን አምስታችንም በአንድ ስልክ እናነባለን። የተሰጠን የቡድን ሥራ በ1971 ዓ.ም. ስለተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ያገኘነውን ሁሉ ለቃቅመን አስገባን። መምህራችን «ይህን ያለው ማን ነው? መቼ? የት?» ብለው መለሱልን። በነጋታው ጓደኛችን «እኔስ ይቅርብኝ» ብላ ኮርሱን አቋረጠች።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ ስልክ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በኮርሱ መመሪያ የመጨረሻ ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር። ማን ያየዋል! ለእኛ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ማለት መታወቂያ ተቀብሎ መጽሐፍ የሚሰጥ፣ «ዝም በሉ!» የሚል ሰው ነው። ቤተ መጻሕፍቱን ሳንረግጥ ለምንማረው ለእኛ ምን ያደርጉልናል ብለን ነበር። ደግሞም አፍረናል፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ «መረጃ መፈለግ አላውቅም» ማለት ይከብዳል።

በመጨረሻ እንደምንም ደወልን። እትዬ መልሱን አልነገሩንም፤ «ከዘመቻው የቱን ነው የምትፈልጉት?» ብለው ጠየቁን። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች መካሄዱን አንብበን ስለነበር ስለ ቋንቋዎቹ ነው አልናቸው። በምን በምን ቃል እንደምንፈልግ፣ የጸሐፊውን ስምና ዓመቱን እንዴት እንደምንመዘግብ አንድ በአንድ አስረዱን። «ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ የለም፤ ወመዘክር ሄዳችሁ የዚያን ጊዜውን ‹አዲስ ዘመን› ግለጡ» አሉን። ሄድን፤ ገለጥን። ሥራችን ሁለተኛ ሲገባ አለፈ። ግን አራት ብቻ ነበርን።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንላለን። የኦንላይን ኮርስ ሲከፈት ባለሙያዋም እንደ መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ይተዋወቁን፤ ስማቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ አይቅር። እኛም ነገ በተማሪ ፊት የምንቆም ሰዎች ነንና፣ «አላውቅም፣ አሳዩኝ» ማለትን ከወዲሁ እንልመድ።

ጓደኛችን ዘንድሮ ኮርሱን እንደገና ጀምራለች። የእትዬን ቁጥር አስቀድመን ሰጥተናታል።