የሱሩሌሬ ማጀቶች

ሌጎስ ውስጥ እሑድ መሆኑን መጀመሪያ የሚያውቀው አፍንጫ ነው። የየቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ረገብ ሲል፣ ሴቶቹ ከነዳንቴል ልብሳቸው፣ ራሳቸው ላይ ያቆሙትን ጌሌ እንኳ ሳይፈቱ ወደ ምድጃቸው ሲሮጡ፣ ከየመስኮቱ የቀይ ወጥ ሽታ መውጣት ይጀምራል። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ታታሼ የሚሉት ትልቁ ቀይ ቃሪያና ሮዶ የሚሉት ያ ድቡልቡል፣ የሚያቃጥል ቃሪያ አንድ ላይ ይፈጩና ውሃቸው እስኪመጥ ይንተከተካሉ። ከዚያ የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገቡ ቸስ የሚለው ድምፅ! እኛ ግቢ ከአራቱም ማዕዘን ይሰማ ነበር። እሑድ ሩዝና ወጥ ነው። ያለው ቤትም የሌለው ቤትም እንደዚያው ነው፤ የሚለያየው የሥጋው ብዛት ብቻ።

እኔና ባለቤቴ ሱሩሌሬ የገባነው በተጋባን ማግስት ነው፤ እሱን ሥራ ወስዶት፣ እኔ ደግሞ እሱን ተከትዬ። ቤታችን ምድር ላይ ነበር፤ ከበላያችን ሌሎች ቤተሰቦች። የሁሉም ማጀት ወደ አንድ ጓሮ የሚወጣ በር ነበረው። ቅጠል የሚታጠበው፣ ዓሣ የሚጸዳው፣ ቦዬ የሚወቀጠው እዚያ ጓሮ ነው፤ ቧንቧው አጠገብ፣ ባልዲዎቹ መካከል። ማን ምን እያበሰለ እንደሆነ፣ የማን ዘይት እንዳረረ፣ የማን ባል ዛሬ ደመወዝ እንደተቀበለ ሁሉም ያውቃል። ወጥ ሠርቶ በሩን ዘግቶ የሚበላ ሰው አላየሁም።

በሬን መጀመሪያ ያንኳኩት ኢያ ኢቤጂ ናቸው። የመንታዎች እናት ማለት ነው፤ ዮሩባዎች መንታ የወለደችን ሴት እንደዚያ ነው የሚጠሯት፣ ግቢው ሁሉ እሳቸውን በሌላ ስም ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። የኢባዳን ሰው ናቸው፤ በዕድሜ ከእናቴ ብዙም አይርቁም። ክዳን የተደፋበት ጎድጓዳ ሳህን ይዘው ቆመዋል። «ዩ ዶን ቾፕ?» አሉኝ፣ በልተሻል ወይ ማለታቸው ነው። መልሴን ሳይጠብቁ ገቡ።

ክዳኑ ሲነሳ የወጣውን ሽታ ዛሬም ልጠራው እችላለሁ። ኤፎ ሪሮ ነበር፤ አረንጓዴ ቅጠል በቀይ የፓልም ዘይትና በተፈጨ ቃሪያ ተለውሶ፣ መካከሉ ላይ ጨጓራና የደረቀ ዓሣ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ከባድ፣ የቆየ፣ ለአፍንጫዬ እንግዳ የሆነ ነገር ነበረበት። ኢሩ ይሉታል። ከአንድ ዛፍ ፍሬ ውስጥ የሚወጣው ዘር ተቀቅሎ፣ ተሸፍኖ፣ ተብላልቶ የሚሠራ ማጣፈጫ ነው። ቤቱን ሞላው። ከጎኑ ኤባ ነበር፤ ጋሪ የሚሉት የካሳቫ ዱቄት በፈላ ውሃ ተገንፍቶ። ኢያ ኢቤጂ ማንኪያ ሊፈልጉልኝ ብድግ ሲሉ እኔ እጄን ታጥቤ፣ ቆርሼ፣ አድቦልቡዬ ወጡን ጠቅሼ ነበር። ቆመው አዩኝና ሳቁ። ሳቃቸው ውስጥ እፎይታ ነበረበት፤ ይህቺስ የሰው ልጅ ናት የሚል ዓይነት።

የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብላ ያሳደገችኝ እናት ነበረችኝና ሳህኑን በበቆሎና በገብስ ቆሎ ሞልቼ መለስኩላቸው። ከዚያ ወዲያ ያ ሳህን የማን እንደሆነ እስኪጠፋን ድረስ በሁለታችን ደጅ ሲመላለስ ኖረ።

ገበያ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ኦይንግቦ ገበያ በጠዋት እንሄዳለን፤ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ቀሚሳቸውን ልይዝ ምንም ሳይቀረኝ ከኋላ። ቃሪያው እንደኛው አገር በመደብ በመደብ ተቀምጧል። ሻጯም ገዢውን «ኮስተማ» ትላለች፣ ገዢዋም ሻጯን «ኮስተማ»። የኤጉሲ ዘር፣ የሐብሐብ ዘመድ ነው፣ ተፈልፍሎ ነጭ ሆኖ በቆርቆሮ ይሰፈራል። የቆርቆሮው ስም ዴሪካ ነው፤ ድሮ በላዩ ላይ ስሙ ተጽፎበት ከሚመጣ የቲማቲም ጣሳ የቀረ። ሰፍራ ስትጨርስ ኢያ ኢቤጂ ዝም ብለው ይቆማሉ። ሻጯ አንድ ጭብጥ ምራቂ ትጨምራለች። አሁንም አይንቀሳቀሱም። ሌላ ጭብጥ ትጨምራለች። ያን ጊዜ ቦርሳቸው ይከፈታል። የፓልም ዘይት ሲገዙ ደግሞ ጣታቸውን ነክረው ያሸታሉ፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ያያሉ፣ በመጨረሻ ምላሳቸው ላይ ያሳርፉታል። እኔ ሽታውን ከእሳቸው ፊት ማንበብ ለመድኩ። ፊታቸው ካልተፈታ ዘይቱ አይገዛም።

ፎቅ ላይ የምትኖረው አንቲ የኢግቦ ሴት ነበረች። አንቲ የምላት በዕድሜ ትንሽ ስለምትበልጠኝ ነው፤ እዚያ ታላቅን በባዶ ስም መጥራት ነውር ነው። በእሷና በኢያ ኢቤጂ መካከል የኤጉሲ ጉዳይ የማያልቅ ክርክር ነበር። ኢያ ኢቤጂ የተፈጨውን ዘር በሽንኩርትና በጥቂት ውሃ ለውሰው የተቁላላ ቃሪያ ላይ በጣታቸው ጠብ ጠብ ያደርጉታል፤ ሳይነካ ሲቆይ ቋጠሮ ቋጠሮ ሆኖ ይረጋል። አንቲ ግን ደረቁን ዱቄት በቀጥታ የፓልም ዘይት ውስጥ ጨምራ ሳትሰለች ታገላብጠዋለች፣ ሽታው ጓሮውን ሲሞላ የሥጋ መረቅ ትጨምርበታለች። ሁለቱም እየቀመስኩ እንድፈርድ ይጠሩኛል። ዛሬ ላይ ሆኜ ብጠየቅ ለኢያ ኢቤጂ እፈርዳለሁ፤ ቋጠሮው ጥርስ ሥር ሲገባ የሚሰጠው ደስታ ሌላ ነው።

በቅጠል ግን አንቲን የሚያህል አልነበረም። አንድ ቀን ጓሮው ውስጥ ጎንበስ ብላ አንድ ክምር ቅጠል እንደ ልብስ ታሻለች። አረንጓዴ አረፋ እስከ ክንዷ ደርሷል። ውሃውን ትደፋለች፣ ትቀይራለች፣ እንደገና ታሻለች። እኔ በሩ ላይ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ሽታውን አውቀዋለሁ! አያቴ የጠላ ጋን ስታጥብበት እያየሁ ያደግሁት ግራዋ ነው። አያቴ ጋኑን አሽታበት የምትጥለውን ቅጠል አንቲ መራራነቱን በውሃ አባርራ ወጥ ልታደርገው ነው። ኦኑግቡ ይሉታል። ከተፈጨ ጎደሬ ጋር ሲወፍር፣ ደቃቅ የደረቀ ክሬይፊሽና ስቶክፊሽ ሲገባበት፣ መጨረሻ ላይ ምላስ ላይ የምትቀር ትንሽ ምሬት አለችው። ተቀምጬ አብሬያት አሸሁ። ስለ አያቴ ጋን ነገርኳት፤ እሷ ደግሞ ስለ ስቶክፊሹ። ከኖርዌይ የሚመጣ፣ ያለ ጨው በብርድ ነፋስ የደረቀ ዓሣ ነው። ከዱሮም ይበሉት ነበር፤ ግን እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1970 በነበረው የቢያፍራ ጦርነት ልጆች በረሃብ ሲያልቁ ከውጭ ከሚላከው የእርዳታ ምግብ አንዱ እሱ ነበር። እናቷ ስቶክፊሽ በውሃ ስትዘፈዝፍ ሁልጊዜ ዝም ትል እንደነበር አጫወተችኝ። ከዚያ በኋላ አንቲ ያንን ዓሣ ስትዘፈዝፍ እኔም ብዙ አላወራም ነበር።

ኢያ ኢቤጂን ጾሜን የሚያህል ያስጨነቃቸው ነገር አልነበረም። ረቡዕና ዓርብ፣ በዚያ ላይ ሁዳዴ፤ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። «ታዲያ ምን ትበያለሽ?» ብለው ኢያ ኢቤጂ ከልባቸው አዘኑልኝ። በማግስቱ ረቡዕ ነበር፤ ግቤጊሪና ኤዌዱ ሠርተው መጡ። ግቤጊሪ የባቄላ ወጥ ነው፤ ቡናማው ባቄላ ተፈትጎ፣ እስኪፈርስ ተቀቅሎ፣ በፓልም ዘይትና በቃሪያ የሚለሰልስ። ኤዌዱ ደግሞ ዓረብ አገር የሠሩ እህቶቻችን ሙሉኪያ ብለው የሚያውቁት ቅጠል ነው። ኢያ ኢቤጂ ድስቱ ውስጥ በአጭር የመጥረጊያ ጭራ እየደበደቡ ነው የሚያልሙት፤ ያን ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማሁ ከጠዋት ጀምሮ ምሳዬን አውቃለሁ። ቢጫውና አረንጓዴው ጎን ለጎን፣ ከሥሩ ጥቁር አማላ፣ ከደረቀ የቦዬ ዱቄት የተገነፋ። ሥጋውን ብቻ ሳይሆን መረቁንና ክሬይፊሹንም ትተውልኛል። ከዚያ ወዲያ ረቡዕን አስታውሼያቸው አላውቅም። እኔ ሽሮ ሠርቼ ስወስድላቸው አንድ ጊዜ ቀምሰው «ይህማ ግቤጊሪ ነው!» ብለው ልጆቻቸውን ጠሩ፣ በርበሬውን እያደነቁ ድስቱን ጠረጉት።

የግቢው ዘበኛ ማላም ከካኖ ነው። በረመዳን ምሽት ከባኦባብ ቅጠል ዱቄት የተሠራ ሚያን ኩካ በሩዝ ቱዎ ያፈጥራል፤ ከበሩ ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ያለፈውን ሁሉ «ና ብላ» ይላል። አልፌው ሄጄ አላውቅም።

መብራት ይጠፋል፤ ሲጠፋ ደግሞ ይቆያል። የሰዉ ጄኔሬተር አንድ በአንድ ሲነሳ ግቢው ይንቀጠቀጣል፣ ነዳጅ የሌለው በጨለማ ይቀመጣል። ፍሪጅን ማንም አያምንም። ስለዚህ ወጥ በጠዋትና በማታ ይሞቃል፤ ይህ ሕግ ነው። እስኪንተከተክ ይፈላል፣ ማንኪያ አይገባበትም፣ ትኩስ እያለ አይከደንም። ማታ ማታ ልተኛ ስል ከየማጀቱ የድስት መፍላት ድምፅ ይሰማኛል፤ ከላይ የአንቲ፣ ከጎን የኢያ ኢቤጂ። ድንገት መብራት ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ የመብራት ድርጅቱን ስም እየጠራ «አፕ ኔፓ!» ብሎ ይጮኻል፤ ልጆች፣ አዋቂዎች፣ በመንገድ የሚያልፉም። ልጄን ያረገዝኩት እነዚያን ድምፆች እየሰማሁ ነው።

ስወልድ እናቴ መምጣት አልቻለችም። ገንፎ የሚያገነፋልኝ፣ በራሴ ላይ ቅቤ የሚያደርግልኝ ሰው የለም ብዬ ግድግዳውን እያየሁ ተኝቼ ሳለ አንቲ ትልቅ ድስት ተሸክማ ከፎቅ ወረደች። በኢግቦዎች ወግ ልጅ ስትወልድ እናቷ መጥታ ነው የምታርሳት፤ «ያንቺ ሩቅ ናት፣ እኔ አለሁ» አለችኝ። ድስቱ ውስጥ ያለው ኦፌ ንሳላ ነበር፤ ዘይት የማይነካው፣ ነጣ ያለ ወጥ። አምባዛ ዓሣ፣ ወጡን የሚያወፍር የተወቀጠ ቦዬ፣ ኡዚዛና ኡዳ የሚሏቸው ደረትን የሚከፍቱ ቅመሞች። ለአራስ ሆድን ያጠራል፣ ወተት ይጠራል ይላሉ። አቃጠለኝ፣ አላበኝ፣ ከዚያ አለቀስኩ። አንቲ ምን ሆንሽ ብላ አልጠየቀችም። ሕፃኗን ታቅፋ በመስኮቱ በኩል ወዲያ ወዲህ እያለች ቆየች፣ ሳህኑ ባዶ ሲሆን ደግማ ሞላችልኝ። በዚያ ወር በሙሉ ምድጃዬን አልነካሁም። አንድ ቀን አንቲ፣ አንድ ቀን ኢያ ኢቤጂ፤ ተራ ማውጣታቸውን የሰማሁት በኋላ ነው።

አሁን የምንኖረው ለንደን ነው። ፔካም ሩቅ አይደለም፤ ሰዉ ትንሿ ሌጎስ የሚለውን ራይ ሌንን ከላይ እስከ ታች ስሄድ የማጣው ነገር የለም። ሮዶው አለ፣ ቦዬው አለ፣ ኤጉሲው ተፈጭቶ በላስቲክ ታሽጓል። ግራዋው ሳይቀር ታጥቦ ደርቆ ይመጣል፤ ብታሸውም አረፋ አይወጣውም። መብራት አይጠፋም። ወጡ ፍሪጅ ውስጥ በየዕቃው ተከፋፍሎ ይቀመጣል፣ ማታ የሚሞቅ ድስት የለም። ሳበስል የጭስ ማንቂያው እንዳይጮህ መስኮት እከፍታለሁ፤ ሽታው ወደ ውጭ ሲወጣ ግን «ዛሬ ኤጉሲ ነው?» ብሎ ከበላይ የሚጣራ የለም። ጎረቤቶቼ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፈገግ ይላሉ። የማጀታቸውን በር ግን አላውቀውም።

ልጄ ናይጄሪያን አታስታውሳትም፤ ንሳላ ግን ትወዳለች። ባለፈው ሰሞን ራሷ ልትሠራ ተነሳችና ኡዚዛው በቃ ወይስ ይጨመር ብላ ጠየቀችኝ። ስልክ አንስቼ ኢኑጉ ለገባችው ለአንቲ ደወልኩላት። አንቲ በስልኩ ምስል ድስቱን ካላየሁ አልናገርም አለች። አየችና «ቦዬው አንሷል፣ እሳቱም በዝቷል» ብላ ጮኸች፤ ልጄ እሳቱን ቀነሰች። ከዚያ ሁለቱ እኔን ትተው ስለ ዓሣው አቆራረጥ ረጅም ወሬ ጀመሩ። እኔ ሽንኩርቱን እየላጥኩ አዳመጥኳቸው።