ሸክም በጥቂት በጥቂቱ ይለመዳል

እኔ ገበሬ ነኝ። አገሬ ምሥራቅ ጎጃም ነው። ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሳነቴ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ወገቤ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. በጥር ወር ነው። ወፍጮ ቤት ደጃፍ አንድ ኩንታል ጤፍ ተቀምጧል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ወጣቶቹ ለሁለት ሊይዙት ሲሉ፣ «ዞር በሉ! እኔ ብቻዬን አነሳዋለሁ» አልኩ። በወጣትነቴ አነሳ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አልፏል! ጎንበስ ብዬ ብድግ ላደርገው ስል ወገቤን ቅጭት አለኝ። እዚያው ቁጭ አልኩ። ወጣቶቹ ደግፈው ቤቴ አደረሱኝ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ባለሙያዋ አየችኝና፣ «አባቴ፣ የተጎዳው ጡንቻዎ ነው። ተኝተው አይክረሙ። ቀስ እያሉ ይንቀሳቀሱ። ከባድ ሸክም ግን ለጊዜው ይቅርብዎ» አለችኝ።

ሁለት ወር አለፈ። ማሳዬን ጎረቤቶቼ በደቦ አረሱልኝ። እኔ ደጅ ተቀምጬ አየሁ። ሰው ሲያርስልህ ቁጭ ብሎ ማየት ከሕመሙ ይብሳል። ደቦ ደግሞ ብድር ነው፤ ይመለሳል። በምን ወገቤ ልመልሰው? ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ።

በመጋቢት የእህቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። እሱ ከተማ ነው የሚኖረው። ከጓደኞቹ ጋር ብረት ያነሳል። ብረት ይባል እንጂ፣ ሁለት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው በብረት ቧንቧ ያያያዙት ነው።

«ጋሼ፣ አንቱም ሸክም እንደገና መልመድ ይችላሉ» አለኝ።

«በምን?» አልኩት።

«በጀሪካን። ሁለት ሊትር ውሃ ብቻ አድርገው ይጀምሩ።»

ተናደድኩ። ኩንታል ያነሳ የነበረ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ ያንሳ? ባለቤቴ ከጓዳ ሰማችን። ወጣ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ ያንን 20 ሊትር ጀሪካን ከምንጭ የማመጣው እንዲያው ዝም ብዬ ይመስልሃል? ልጅ ሳለሁ በቅል ነው የጀመርኩት። ከዚያ ትንሽ ገንቦ አሸከሙኝ። እንስራ ያዘልኩት ኋላ ነው። በአንድ ቀን እንስራ ያሳዘለኝ የለም።»

መልስ አጣሁ። እውነቷን ነው።

በማግስቱ ጀመርን። የውሃ ጥሩነቱ ሚዛን አያስፈልገውም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አመጣን። በእያንዳንዱ ሁለት ሊትር ውሃ አደረግን። ልጁ አነሳሱን አሳየኝ። እግር ከፈት ብሎ ይቆማል። ጉልበት ይታጠፋል። ጀርባ ቀጥ ይላል። ሸክሙ ወደ ሰውነት ይጠጋል። ከዚያ በእግር ኃይል መነሳት ነው። ሲያስቀምጡም እንደዚሁ ነው። በሸክም ላይ ወገብን መጠምዘዝ አይገባም።

8 ጊዜ አነሳሁ፤ አረፍኩ። ደግሜ 8 አነሳሁ፤ አረፍኩ። ሦስተኛም 8 አነሳሁ። ይህ ሦስት ዙር ይባላል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እሠራለሁ። በመካከል ያለው ቀን የዕረፍት ነው። ጡንቻ የሚጠነክረው ከሥራ በኋላ ስናርፍ፣ ስንተኛና ስንመገብ ነው። ባቄላው፣ ሽሮው፣ እንቁላሉ ለጡንቻ ይጠቅማል።

ልጁ አንድ ደብተር ሰጠኝ። «በየቀኑ የቻሉትን ይጻፉ። በሦስቱም ዙር 12 ጊዜ ሲያነሱ፣ ግማሽ ግማሽ ሊትር ይጨምሩ። ከዚያ ወደ 8 ይመለሱ። ካቃተዎት አይጨምሩ» ብሎኝ ሄደ።

በጥቂት ሳምንት ጉልበት ጨመርኩ። ክንዴ ግን አልወፈረም። ገረመኝ። ኋላ ነው የገባኝ። መጀመሪያ የሚለምደው ነርቭ ነው። ጡንቻን ማዘዝ ይማራል። ጡንቻው የሚወፍረው ቆይቶ ነው። እኛስ እርሳስ መያዝ ስንማር እንዲሁ አልነበርንም? ጣታችን ያው ጣት ነው። ግን «ሀ»ን መጻፍ ለመደ።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ። ጀሪካኑ አራት አራት ሊትር ሲደርስ ልቤ አበጠ። አንድ እሑድ የባለቤቴ ወንድሞች መጡ። እነሱ እያዩኝ 20 ሊትር ሙሉ በአንድ እጄ ብድግ አደረግሁ። አነሳሁት፤ ግን ሕመሙ ተመለሰ። 10 ቀን ቀረሁ። ደብተሬ ላይ 10 ባዶ መስመር አለ። ያንን መስመር ሳየው እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ከዚያ ወደ ሦስት ሊትር ተመልሼ ጀመርኩ።

የእህቴ ልጅ ሲመለስ አንድ ነገር አጫወተኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቶማስ ዴሎርም የሚባል አሜሪካዊ የጦር ሐኪም ነበር። ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮችን ክብደት ያሠራቸው ነበር። ጡንቻቸው በጠነከረ ቁጥር ክብደቱን ይጨምራል። ሥራውንም በ1945 በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፎ አሳተመ። እንግዲህ ሐኪሙ ያደረገውና ባለቤቴ በቅልና በገንቦ ያለፈችበት መንገድ አንድ ነው።

በነሐሴ መጨረሻ በእያንዳንዱ እጄ 10 ሊትር አነሳሁ። የጎረቤቶቼንም ደቦ መለስኩ። በኅዳር 20፣ 20 ሊትር ደረስኩ። በ2010 ዓ.ም. ጥር እንደገና ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ግማሽ ኩንታሉን ጉልበቴን አጥፌ ብቻዬን አነሳሁ። ወደ ሙሉው ኩንታል ስደርስ አንዱን ወጣት፣ «ና፣ ያዝልኝ» አልኩት። እሱም ያዘልኝ። የሳቀብኝ የለም።

እናንተም መልመድ ከፈለጋችሁ በትንሹ ጀምሩ። የቻላችሁትን ጻፉ። ድካም ያለ ነው። የሚወጋ ሕመም ከተሰማችሁ፣ እግራችሁም ከደነዘዘ ግን አቁሙ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ማታ ደብተሬን ለባለቤቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ «የእኔስ ቅል የት ተጻፈ?» አለችኝ።

በመጀመሪያው ገጽ፣ ከሁሉ በላይ ጻፍኩላት።