ስለ ብሌናቮን የከሰል ጉድጓድና ስለ አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ

በዌልስ አገር በተራሮች መካከል ብሌናቮን የምትባል አንዲት ትንሽ ከተማ አለች፤ ስሟ በአገሬው ቋንቋ «የወንዝ ራስ» ማለት ነው። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ብረትና የድንጋይ ከሰል ሲወጣባት የኖረች ይህች ከተማ ዛሬ ከሰል አይቈፈርባትም። ነገር ግን ጉድጓዱና የብረት ማቅለጫ እቶኖቹ፣ የሠራተኞቹም ቤቶች እንዳይፈርሱ ተጠብቀው፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ከዚህ በታች የምንጽፋቸውም ዓመታት ሁሉ በዚያው አቈጣጠር ናቸው።

ወደዚያ የሄድነው ከባለቤታችንና ዘጠኝ ዓመት ከሆናት ሴት ልጃችን ጋራ ነው። አንዳንድ ወዳጆቻችን፤ «እንግሊዝ አገር ድረስ ሄዳችሁ የነገሥታቱን አዳራሽ ትታችሁ የከሰል ጉድጓድ ልታዩ ነውን?» ብለው ዘበቱብን። እኛ ግን ባቡሩንና መርከቡን፣ መድፉንም ያንቀሳቀሰው ኀይል ከምን ያህል ጥልቀት እንደ ወጣ ለማየት ብርቱ ፈቃድ ነበረን።

ትልቁ ጉድጓድ የሚባለው በ1860 የተቈፈረ ነው። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች የሠሩበት ጊዜ ነበር። በ1980 ተዘግቶ በ1983 ለተመልካች ተከፈተ። መሪዎቹም ቀድሞ ከሰል ቈፋሪዎች የነበሩ ሰዎች ናቸው። ለእኛ የደረሱን ጠና ያሉ ሰው ከሁሉ አስቀድመው የራስ ቁርና መብራት ሰጡን፤ ከዚያ በኋላ ክብሪትና የባትሪ ሰዓት፣ ስልክም የያዘ ሁሉ እንዲያስረክብ አዘዙ፤ ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ በጥቂት ብልጭታ ሊፈነዳ ስለሚችል ነው። በብረት ገመድ በተንጠለጠለ ሣጥን ቆመን ዘጠና ሜትር ያህል ወረድን።

ከሥር ጥቂት ከተጓዝን በኋላ ከአንድ የእንጨት በር ፊት አቆሙንና መብራታችንን እንድናጠፋ ነገሩን። እጃችንን እስከ ዓይናችን አቅርበን ልናየው አልቻልንም። ሽማግሌውም በዚያ ጨለማ ውስጥ የበሩን ሥራ አስረዱን። ንጹሕ አየር ወደሚፈለግበት ስፍራ እንዲሄድ መንገዱ በበር ይከፈላል፤ በሩ ተከፍቶ የቀረ እንደ ሆነ አየሩ መንገዱን ይስታል፤ መርዘኛው ጋዝም ይከማቻል። ስለዚህ በጥንቱ ዘመን በየበሩ ኋላ አንድ ሕፃን ይቀመጥ ነበር። ሠረገላው ሲመጣ ድምፁን ሰምቶ ገመዱን ይስባል፤ ካለፈ በኋላ ይዘጋል። ዕድሜውም ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ይሆናል። ሻማው ካለቀበት እስከ ማታ ድረስ የሚያየው ነገር የለም።

ልጃችን እጃችንን አጥብቃ ይዛ፤ «አባባ፣ እናቱስ የት ነበረች?» አለችን። ሽማግሌው ምን እንዳለች ጠየቁን፤ ተረጐምንላቸው። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፤ «ምናልባት እርሷም ከዚሁ ከመሬት በታች ሠረገላ ትጐትት ነበር፤ ያለዚያም የአባትየው ደመወዝ ለዳቦ ስለማይበቃ የልጁን ሳንቲም በቤት ትጠብቅ ነበር» ብለው መለሱ። ባለቤታችን ወደ ላይ ከወጣን በኋላ፤ «የእኛ እረኛ ልጅ እንኳ ፀሐይ ያያል» አለች። እውነት ነው፤ ፀሐይን ያያል፤ ፊደልን ግን የማያይ ስንት አለ! ይህን ብንላት ብዙ ሰዓት ሳንነጋገር ቆየን።

ይህ ነገር የቀረው በ1842 ነው። አስቀድሞ መርማሪዎች በየጉድጓዱ ተልከው ሕፃናቱን ራሳቸውን ጠየቁ። ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ የሚበሉትንና የሚፈሩትን ሁሉ፣ የሰጡትን ቃል ጻፉ፤ ሥዕልም ጨመሩበት። ጽሑፉም ታትሞ፣ ጉድጓድ ወርደው የማያውቁ መኳንንት በፓርላማ አነበቡት። በዚያው ዓመት ሴቶች ሁሉና ከዐሥር ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆች ከመሬት በታች እንዳይሠሩ ተከለከለ። ለአገሩ ሁሉ የተሾመው ተቈጣጣሪ አንድ ሰው ብቻ ስለ ነበረ ሕጉ በአንድ ቀን አልተፈጸመም። የሆነ ሆኖ እኛ በችሎት የምስክር ቃል ስንጽፍ የምንውል ሰዎች ነንና፣ የጻፍነው መዝገብ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ሲለብስ እንጂ ሰውን ከጨለማ ሲያወጣ ማየት አልለመድንም። ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ቶሎ ልንለይ አልቻልንም።

ባለቤታችን ብዙ የቆየችው በመታጠቢያው ቤት ነው። ይህ ቤት የተከፈተው በ1939 ነው። ከዚያ በፊት ቈፋሪው ከነጥላሸቱ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ሚስቱም ውሃ አሙቃ በምድጃው ፊት በቈርቈሮ ገንዳ ታሳጥበዋለች። ባልና ሁለት ሦስት ወንዶች ልጆች በየተራቸው ከጉድጓድ ሲመለሱ፣ ውሃ መቅዳትና ማሞቅ፣ ልብስ ማራገፍና ማጠብ ቀንና ሌሊት አያቋርጥም። ይህ ሁሉ ድካም በማዕድኑ ደመወዝ መዝገብ አልተጻፈም።

ከጉድጓዱ ጥቂት ራቅ ብሎ በ1789 ሥራ የጀመረው የብረት ማቅለጫ አለ። እቶኖቹ በተራራው ጥግ ላይ ተሠርተዋል፤ በአጠገባቸውም የሠራተኞቹ ጠባብ ቤቶች ቆመዋል። ለእኛ ከሁሉ የበለጠ የተወደደልን ነገር የተሠራው በዚህ ነው፤ ሠሪውም እንደ እኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበረ። ሲድኒ ጊልክሪስት ቶማስ ይባላል። በ1850 ተወልዶ፣ ሐኪም ሊሆን ሲያስብ አባቱ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ሞተበት። ስለዚህ በሎንዶን የፖሊስ ፍርድ ቤት ገብቶ ከዐሥር ዓመት በላይ ስለ ሰካራሞችና ስለ ሌቦች ሲጽፍ ኖረ። ማታ ማታ ግን የኬሚስትሪ ትምህርት ይከታተል ነበር።

በዚያን ዘመን የብረት ሠሪዎች ሁሉ ችግር ፎስፎረስ ነበር። ይህ ነገር በማዕድኑ ውስጥ ካለ የሚወጣው ብረት ተሰባሪ ይሆናል። ከአውሮፓም ማዕድን ብዙው ከእርሱ ጋራ የተደባለቀ ነው። ቶማስ ምክንያቱን በእቶኑ ግድግዳ ውስጥ አገኘው፤ የተለመደው ጡብ አሸዋማ ስለ ነበረ ፎስፎረሱን አያስለቅቅም። ግድግዳው ኖራነት ባለው ድንጋይ ቢለበጥና ኖራም ቢጨመር፣ ፎስፎረሱ ከብረቱ ተለይቶ ወደ አሰሩ ይገባል። የአጎት ልጅ የሆነው ፐርሲ ጊልክሪስት በብሌናቮን የኬሚስትሪ ሠራተኛ ነበረና ሙከራውን በዚያ አደረጉት፤ ቶማስም ከችሎት ዕረፍት ባገኘ ቍጥር በባቡር ይመጣ ነበር። በመጋቢት 1878 በሎንዶን በብረት ዐዋቂዎች ጉባኤ ተነሥቶ ሥራው እንደ ተሳካለት ቢናገር ነገሬ ያለው ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ዓመት በሰፊው ተሞክሮ እውነት ሆኖ ሲገኝ ግን ከየአገሩ ገዢ መጣ፤ እርሱም ያን ጊዜ ጸሐፊነቱን ተወ። ይልቁንም የተጠቀሙት ፎስፎረስ ያለበት ማዕድን የበዛላቸው ጀርመንና ቤልጅግ ናቸው። ብሌናቮን ዘዴውን ወልዳ ተፎካካሪዎቿን አበረታች። እስከዚያ ድረስ ይጣል የነበረው አሰር እንኳ ፎስፎረስ ስላለበት ተፈጭቶ ለእርሻ ማዳበሪያ ሆነ።

በእቶኖቹ ግቢ ለቶማስ መታሰቢያ የድንጋይ ሐውልት ቆሟል። ልጃችን በፊቱ ቆማ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀመች። የሳንባ ሕመም ይዞት በ1885 በፓሪስ ሲሞት ዕድሜው ሠላሳ አራት ብቻ ነበር። ባለቤታችን፤ «ያን ያህል ገንዘብ ለማን ቀረ?» ብላ ጠየቀችን። ለበጎ ሥራ እንዲውል ለእኅቱ ለሊሊያን አደራ ሰጥቶ ነበር፤ እርሷም አደራውን ተቀብላ ለበጎ ሥራ አዋለችው።